ማተብ ይዤ ወደ መኒዲ

መኒዲን ያየ ሰው ከአንባቢዎቼ መካከል ይኖራል ብዬ አላስብም። አቴንስ የሚሄድ ሰው የታወቁትን ዓምዶች አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በማግስቱ መርከብ ተሳፍሮ ወደ አንዱ ደሴት ይሻገራል። መኒዲ ግን ከከተማው በስተሰሜን፣ ፓርኒታ ከሚባል ተራራ ግርጌ የተቀመጠ የሠራተኛ ሰፈር ነው። ባሕር የለውም። ከራሴ በቀር ቱሪስት የሚባል አላየሁበትም። ልሄድ መሆኑን ስናገር ግሪክን እናውቃለን የሚሉ የፍራንክፈርት ሰዎች ፊታቸውን አጨማድደው «እዚያ ደግሞ ምን ልትሠሪ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ለምጄዋለሁ። የምኖረው እዚያው ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ በሚባል ሰፈር፣ ቤን-ጉርዮን-ሪንግ ነው ባልኩ ቁጥር የማየው ፊት ይኸው ነው። የእኛን ረጃጅም ፎቆች ከባቡር መስኮት ብቻ ያየ ሁሉ ስለ ሰፈሬ ሊያስተምረኝ ይቃጣዋል። ስለዚህ ገና ከቤቴ ሳልወጣ ለመኒዲ አድልቼ ነበር፤ አልደብቅም።

የሄድኩት ደግሞ ለሽርሽር አይደለም። ክርስትና ላነሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስታማታ የምትባል የመኒዲ ተወላጅ ቦናመስ በር ለበር ጎረቤቴ ነበረች። ሁለታችንም አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አውሮፕላን እናጸዳ ነበር። እኔ በጧቱ ሺኽት፣ ማለት ፈረቃ፣ ስገባ እሷ በማታው ትገባለች። ልጆቻችንም በዚሁ ተራ አደጉ፤ የእኔ መቅደስ በእሷ ወጥ ቤት፣ የእሷ ኤሌኒ በእኔ ወጥ ቤት። ኤሌኒ ሹካ ከመያዟ በፊት ጉርሻ ለምዳለች። አድጋ የመኒዲ ልጅ አገባችና እናቷ ወደተወለደችበት ሰፈር ገባች፤ ስታማታም ጡረታ ስትወጣ ተከተለቻት። እኔ ብቻ ቦናመስ ቀረሁ፣ ከበራቸው ትይዩ። ኤሌኒ ወንድ ልጅ ወልዳ ክርስትናው ሲደርስ ደወለችልኝ።

«ታንተ ስንዱ፣ ልጄን የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው አልፈልግም» አለችኝ። ታንተ በጀርመንኛ አክስት ማለት ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ።

«እኔ? ቤተ ክርስቲያናችሁ ይፈቅዳል?»

«አንቺ ኦርቶዶክስ፣ እኛ ኦርቶዶክስ። ምን ፕሮብሌም አለው?»

እውነትም ምን ችግር አለው አልኩ። ስታማታም ያንኑ አለች። ጀርመኖቹ ፋሲካቸውን አክብረው ሲጨርሱ እኛ ሁለታችን ገና በጾም ላይ የምንሆን፣ ኋላም በአንድ ቀን የምንፈስክ ሴቶች ነበርን። ሌላ ማረጋገጫ አላስፈለገንም። የንስሐ አባቴን እንኳ አልጠየቅሁም። ስሕተታችን የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ኡርላውብ፣ ማለት የዓመት እረፍት፣ አስፈቀድኩ፣ ነጠላዬን አጠብኩ፣ ማተብ ገመድኩ። ልጁ ዓመት አልፎት ድክ ድክ ይል ነበር፤ እነሱ ዘንድ እንደኛ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ አይጠመቅም። ማተቡን ከሦስት ቀለም የሐር ክር፣ ወደ ሥራ ስመላለስ ኡ-ባን በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ገመድኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ጀርመናዊት አሮጊት ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። «የክርስትና ልጄ አንገት ላይ የሚታሰር ነው» አልኳት። ቃሉን ጮክ ብዬ ስለው ደስ አለኝ።

ረቡዕ ጧት መቅደስ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘችኝ። ፍልሰታ ስለነበር በእጅ ሻንጣዬ ሽሮ ይዤ ነበር። ፈታሹ ከረጢቱን አውጥቶ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። የአተርና የሽምብራ ዱቄት ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም፤ በመሣሪያ አስመረመረው። ስንት ዘመን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሳጸዳ ሽሮዬን በምሳ ዕቃ ይዤ ስገባ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ መንገደኛ ስሆን ተጠረጠርኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ስቀመጥ መጀመሪያ ያየሁት ከፊቴ ያለውን ኪስ ነበር። ፍርፋሪ አለበት። ያጸዳችውን ሴት አልኮነንኳትም፤ እንዴት እንደሚያጣድፉን ዐውቃለሁና።

ከአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ የተሳፈርኩበት ባቡር ሐዲዶች ሁሉ የሚገናኙበት ሰፊ ጣቢያ ላይ አወረደኝ። ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ሰው ግን የለበትም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የተሳሳተ መውጫ ይዤ ወጥቼ ራሴን በደረቅ ሣርና በአጥር መካከል አገኘሁት። ተመልሼ፣ ዞሬ፣ በመጨረሻ አንድ ታክሲ አገኘሁ። ሾፌሩ አድራሻውን ሲሰማ በእንግሊዝኛ «መኒዲ ምን አለሽ?» አለኝ።

«ቤተሰብ» አልኩት።

በመስታወቱ መልኬን አየ። እኔም ደግሜ «ቤተሰብ» አልኩት፣ ሳይጠይቀኝ።

መኒዲን እንዳየሁት ልንገራችሁ። ቤቶቹ ሁለት ሦስት ፎቅ ናቸው፤ ከጣሪያቸው ላይ የአርማታ ፌሮ ተገትሮ ይታያል፣ ልጅ ሲያገባ አንድ ፎቅ ሊጨመርበት። አዲስ አበባን ለሚያውቅ ሰው ይህ ተስፋ እንጂ ጉድለት አይደለም። ጋራዥ አለ፣ የብረታ ብረት መሸጫ አለ፣ መንገድ ዳር የበቀለ የኮምጣጣ ብርቱካን ዛፍ አለ፣ ከጥላ ወደ ጥላ የሚዘዋወር ውሻ አለ። በቦናመስ ማንም ሰው ደጅ ላይ ወንበር አያወጣም፤ ሃውስማይስተሩ፣ ማለት የሕንፃው ኃላፊ፣ መጥቶ ያስነሣዋል። መኒዲ ግን ወንበሩ ሁሉ ደጅ ነው።

ስታማታ ሰገነቷ ላይ ሆና ከሩቅ ጮኸችልኝ። ወፍራለች፣ ፀሐይ አጥቁሯታል፣ አምሮባታል። «ይኸውልሽ የእኔ ቤን-ጉርዮን!» አለችና እጇን ወደ ሰፈሩ ዘረጋች። ከዚያ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የሰፈሯን ታሪክ ጀመረችልኝ። የጥንት የመኒዲ ሰዎች ከተራራው እንጨት ቆርጠው፣ ከሰል አክስለው፣ ወደ አቴንስ ወስደው ይሸጡ ነበር አሉ። «እነዚያ ፈላስፎች ያለ እኛ ከሰል ምግባቸውን በጥሬው ይበሉ ነበር» አለች። እንደዚህ ስትናገር ሥራ ላይ ለአለቆቻችን የምትመልሰው መልስ ትዝ አለኝ።

ያን ምሽት ኤሌኒ ልጇን ታቅፋ መጣች። ቦርጫም፣ ጥርሱ ገና አራት፣ ፀጉሩ የተጠቀለለ ልጅ ነው። ስም የለውም፤ እስኪጠመቅ ሁሉም «ሕፃኑ» ነው የሚለው። እራታችን ባቄላ፣ ወይራ፣ ቲማቲምና ዳቦ ነበር፣ ሁሉም በዘይት። «ኒስቲሲሞ» አለችኝ ስታማታ፣ የጾም ማለት ነው። እኔም ሽሮዬን ሠራሁ። ኤሌኒ ሽታው ሲደርሳት አፏን ከፈተች፤ አጎረስኳት። ያን ማታ አንድ ማዕድ፣ አንድ ጾም፣ አንድ ሃይማኖት ነበርን።

ሐሙስ ነሐሴ ዘጠኝ ነበር፣ በነሱ የማርያም ዕርገት። ነጠላዬን ለብሼ ከስታማታ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ እግሬ ራሱ ያውቃልና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውስጥ ሳየው ጫማ ያላደረግሁት እኔ ብቻ ነኝ። እብነ በረዱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውም ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልውጣና ላጥልቅ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ለምን አልኩና ቆምኩ። አንዲት ጥቁር የለበሱ ሴት መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። የኤሌኒ አማት፣ ዴስፒና፣ እሳቸው ነበሩ። ስእለት ኖሮብኝ በባዶ እግሬ የመጣሁ መስሏቸው ኖሮ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ጫማዬ የለም። አንዱ ደግ ሰው ለድሆች የተተወ መስሎት ከልብስ መለገሻው ጋር ወስዶት ነበር። ስታማታ ሳቋ አላስቆም አላት። በዚያ በሚያቃጥል አስፋልት ላይ እንዴት እሄዳለሁ ስል፣ ቫሶ የምትባል ቀጭን ሴት የራሷን ነጠላ ጫማ አውልቃ ከፊቴ አስቀመጠችልኝ። የዴስፒና ልጅ፣ የኤሌኒ ባል እኅት ናት፤ ሱፐርማርኬት ካሳ፣ ማለት ገንዘብ መቀበያው፣ ላይ ትሠራለች። እሷ በባዶ እግሯ እየዘለለች ከጥላ ጥላ ሄደች። መኒዲ ለእኔ ያደረገልኝ የመጀመሪያ ደግነት ይህ ነው።

ምሳ በዴስፒና ቤት ነበር። ግቢው በወይን ሐረግ ተሸፍኗል፣ ጠረጴዛው ረጅም ነው፣ መካከሉ ላይ የበግ ጥብስ ከነድንቹ ተቀምጧል። ዴስፒና የመጀመሪያውን ሥጋ ቆርጠው ሳሕኔ ላይ አኖሩልኝ።

«ጾም ነኝ» አልኳቸው፤ ኤሌኒ ተረጎመች።

«ጾሙማ ትናንት አለቀ!»

«የእኛ እስከ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ነው።»

«ማርያም እኮ ዛሬ ዐረገች!»

«እኛ ዘንድ ገና አላረገችም» አልኩ።

ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፣ ዴስፒና ግን አልሳቁም። ሹካቸውን አስቀምጠው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «አንቺ ምን ዓይነት ኦርቶዶክስ ነሽ?» ተዋሕዶ ነኝ አልኩ። ሥጋውን በልቼ ዝም ብል ማንም ምንም አይጠይቅም ነበር። በኋላ ይህን ሁሉም ነገረኝ፣ ስታማታ ሳትቀር። ግን የማን ጾም ነው የምበላው? ልጅ ላነሣ ሄጄ፣ ልጁ ሃይማኖቱን እንዲጠብቅ ቃል ልገባ ሄጄ፣ የራሴን ጾም በጥብስ ልገድፍ? ዳቦና ቲማቲም በላሁ። ዴስፒናም ቡናቸውን ሳይጨርሱ ሻርፓቸውን ደርበው ወደ ቄሱ ሄዱ።

ዓርብ ጧት ቄሱ አስጠሩን። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ፣ ትልቅ ማራገቢያ እየዞረ፣ እኔ፣ ስታማታና ኤሌኒ ተደርድረን ተቀመጥን። ቄሱ ጢማቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ በእጃቸው ቀዱልኝ።

«የክርስትና እናት ከእኛ ጋር የምትቆርብ መሆን አለባት» አሉ። «የእርስዎን ቤተ ክርስቲያን አከብራለሁ። ግን በጥንቱ ጉባኤ ተለያይተናል።»

«እርስዎ ጉባኤው ላይ ነበሩ?» አልኳቸው።

ኤሌኒ ተረጎመች። ቄሱ ፈገግ አሉ። «አልነበርኩም» አሉ።

«እኔም አልነበርኩም።»

«ቢሆንም ሥርዓቱን እኔ አልሠራሁትም፣ አላፈርሰውምም።»

ኤሌኒ ተነሥታ ቆመች። «ያሳደገችኝ እሷ ናት! እናቴ ሥራ ስትሆን ያበላችኝ፣ ትኩሳት ሲይዘኝ ያደረችልኝ እሷ ናት! ምስክር ትፈልጋላችሁ? ይችውላችሁ እናቴ!» ስታማታ ደግሞ በግሪክኛ ረጅም ንግግር ጀመረች፤ ምን እንዳለች ኤሌኒ ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም። እኔ ሻርፓዬ ውስጥ የጠቀለልኩትን ማተብ አወጣሁ። እሺ፣ ክርስትና ባላነሣም ሲጠመቅ ይህን ልሰርለት አልኩ። ቄሱ በጥንቃቄ ተቀብለው አዩት፣ በጣታቸው አሻሹት፣ መለሱልኝ። ቤት ውስጥ እንደወደድሽ አድርጊ፣ በቤተ ክርስቲያን ግን ልጁ አንገት ላይ መስቀሉ ብቻ ነው የሚሆነው አሉ። ተናደድኩ። እጄ ላይ የቀረው ክር ሲከብደኝ ተሰማኝ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቫሶ ልታናፍሰኝ መጣች፤ እሷም ጀርመንኛ ትንሽ ትሞክራለች፣ እኔም እንግሊዝኛ ትንሽ፣ በእጅም እንረዳዳለን። ቄሱ በእኔ ምትክ ልጁን እሷ ታንሣ እንዳሉ ነገረችኝ። «አልጠየቅሁም፣ ታውቂያለሽ» አለች። ዐውቃለሁ አልኳት። ከዚያ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ወደተቀመጠ አንድ አጥር ወሰደችኝ። ከውስጡ ጥንታዊ መቃብር አለ። በድንጋይ ግድግዳ መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ተገብቶ ውስጡ ቀፎ የሚመስል ክብ ክፍል ይገኛል፤ ድንጋዩ ከዙሪያው እየጠበበ ሄዶ ከላይ ይገጥማል። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። በላያችን አንዱ ጎረቤት ምንጣፍ ሲያራግፍ ይሰማል። እኛም ፍራንክፈርት ውስጥ እንዲህ ያለ አለን፤ ኒድ በሚባል ሰፈር ጥንት ሮማውያን ጡብ ይተኩሱ ነበር፣ ቤቶቹ ዛሬ በላዩ ቆመዋል። ሠራተኛ የሚኖርበት ሰፈር ሁሉ ትናንት የተሠራ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያይ ደግ ነበር።

ቫሶ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ሲያመጧቸው የሰማችውን ነገረችኝ። እዚያ የተቀበሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ተረስቶ፣ ወገናቸው ሁሉ ጠፍቶ ካለቀ በኋላ፣ ሌሎች ሰዎች መጥተው ሰፈሩ። እነዚያ እንግዶች የማያውቋቸውን ሙታን ተዉአቸው አላሉም፤ በመቃብሩ ደጃፍ ላይ ማሰሮና ሥጦታ እያመጡ ለብዙ ዘመን ያስቡአቸው ነበር።

«ዘመዶቻቸው ሳይሆኑ?» አልኳት።

«ሳይሆኑ።»

«ማንም አልከለከላቸውም?»

ቫሶ ትከሻዋን ነቀነቀች። «መኒዲ ነው» አለች። ከዚያ ማተቡን እንዳሳያት ጠየቀችኝና እዚያው መተላለፊያው ላይ ቆማ እንዴት እንደሚገመድ አሳየኋት። መጨረሻው ላይ ሳቀች፤ እጇ ፈጣን ነው።

ቅዳሜ ወደ ፍራንክፈርት ደወልኩ። የንስሐ አባቴ አንድ ነገር ይሉልኛል፣ ለዚያ ቄስ የምመልሰው ቃል ይሰጡኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ወለተ ማርያም። የት ነሽ? በፍልሰታ ጠፋሽ።»

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሲሰሙኝ ቆይተው ተነፈሱ። «ልጄ፣ ሳትሄጂ በጠየቅሽኝ። ሰውየው አልተሳሳቱም። ከነሱ አንዱ እኛ ዘንድ መጥቶ ክርስትና ላንሣ ቢል እኔም አይሆንም ነው የምለው።»

«ስለዚህ እርስዎም ይከለክሉኛል?»

«ሥርዓቱ ነው የከለከለሽ።»

ስልኩን ዘግቼ ሰገነቱ ላይ ቆምኩ። ሁለት ካህናት፣ አንዱ ፍራንክፈርት አንዱ መኒዲ፣ ተያይተው አያውቁም፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም፤ እኔን በመከልከል ግን ተስማሙ። ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ። ማታ መቅደስ ስትደውል «ማማ፣ ኮም አይንፋኽ ናኽ ሃውዘ» አለችኝ፣ ዝም ብለሽ ወደ ቤትሽ ነይ ማለቷ ነው። እሷ ስትናደድ አማርኛዋ ይጠፋታል። አልመጣም አልኳት። ኤሌኒም ክርስትናው ይቅር፣ ሌላ ቄስ እስክንፈልግ ይቆይ ብላ ነበር፤ እሷንም እንቢ አልኳት። እኛ በተጣላን ልጁ ሳይጠመቅ አይከርምም። ሰው ተጠርቷል፣ ቫሶም ቃል ገብታለች። እኔ ግን አልቀርም፤ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፣ ልጄ ሲጠመቅ አያለሁ አልኩ። ልጄ ማለቴን ማንም አላረመኝም።

እሑድ ጧት ማተቡን ኤሌኒ ጠየቀችኝ። ከጥምቀቱ በኋላ ቤት ውስጥ ታስሪለታለሽ፣ እስከዚያ እኔ ጋ ይቆይ አለች። ሰጠኋት። በሩ ላይ ስደርስ አሁንም ጫማዬን አወለቅሁ። ይሄኛው ከስታማታ የተዋስኩት ስለሆነ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ በብብቴ ያዝኩት።

ልጁ ይጮኻል፣ ኃይለኛ ነው። ዘይት ቀብተውት ከቫሶ እጅ እንደ ዓሣ ሊያመልጥ ይፍጨረጨራል፤ ስታማታ ከበስተኋላዋ በሁለት እጇ ጠብቃ ቆማለች። ቄሱ ሦስት ጊዜ ውሃው ውስጥ ሲነክሩት የእሱ ጩኸት መዘምራኑን በለጠ። ስሙ ሚካኤል ተባለ፣ በአባቱ አባት። ነጭ በነጭ አለበሱት፣ ያኔ ጸጥ አለና የሻማውን እሳት ማየት ጀመረ። ከዚያ ቄሱ መስቀሉን ለማድረግ እጃቸውን ወደ ቫሶ ዘረጉ።

የወርቅ መስቀሉ የዴስፒና ነበር፣ ከነወርቅ ሰንሰለቱ። ጧት ቤት ውስጥ ሳየው ሰንሰለቱ ላይ ነበር። ቫሶ የሰጠቻቸው ግን መስቀሉ በሐር ክር ላይ ገብቶ፣ ቋጠሮው ተቋጥሮ ነው። ማተቤ ነው። ከበሩ ሆኜ ቀለሙን ዐወቅሁት።

ቄሱ ቆም አሉ። «ሰንሰለቱስ?» አሉ፤ ያን ያህል ግሪክኛ በአምስት ቀን ገብቶኛል።

«ጠፋ» አለች ቫሶ።

በቤተ ክርስቲያን መካከል፣ በጥምቀት ፊት፣ ዓይናቸውን እያየች ዋሸቻቸው። ግራ እጇ ተጨብጧል፤ በጣቶቿ መካከል ወርቅ ብልጭ ይላል። እኔ ካየሁት እሳቸውም አይተውታል። ኤሌኒ መሬት መሬት ታያለች። ዴስፒና ከፊት ወንበር ላይ አንገታቸውን አስግገው የልጃቸውን የተጨበጠ እጅ አዩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው በሩ አጠገብ በባዶ እግሬ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። ቄሱም አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም። ምንም አላጠፋሁም፣ ለምን አቀረቅራለሁ?

ቄሱ መስቀሉን ባረኩ። ማተቡንም አብረው ባረኩ፣ ሊለዩት አይችሉምና። የልጁን አንገት ቀና አድርገው አሰሩለት። ሕፃኑ ክሩን ይዞ ወዲያው አፉ ውስጥ ከተተው።

ምሳ ያው በወይኑ ሐረግ ሥር ነበር። ሥጋው ዞረ፣ ሰው ጠጣ፣ ስታማታ ጨፈረች። ከሁሉ በፊት ግን ዴስፒና ከወጥ ቤት ወጥተው አንድ ሳሕን ከፊቴ አስቀመጡ፤ ትልልቅ ባቄላ በወይራ ዘይት፣ ከእሱ ጋር ከተራራው የተለቀመ ቅጠል። ለብቻዬ፣ በተለየ ድስት ያበሰሉት ነው። «ኒስቲሲሞ» አሉኝ፣ ጣታቸውን እያነሡ። ቫሶ ሰንሰለቱን ጠረጴዛው ላይ ስታኖር «ተገኘ እንዴ?» ብለው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ አንድ ቃል አልተነገረም።

ሰኞ ስታማታ እስከ ጣቢያው ሸኘችኝ። አውቶቡስ ስንጠብቅ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መጣች፤ እግሯ ላይ ያለው የእኔ ጫማ ነው። ስታማታ ልትጮኽ አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝኩ። ጫማው ልክክ ብሎላታል፣ ለእኔ ድሮም ትንሽ ይጠበኝ ነበር። የስታማታን ጫማ አድርጌ ወደ ፍራንክፈርት ተመለስኩ። ማታ ከኡ-ባን ወርጄ ፎቆቻችንን ሳያቸው መብራታቸው ሁሉ በርቶ ነበር፤ ከጣሪያቸው ግን አንድም ፌሮ አይወጣም። በዚህ ሰፈር ላይ ማንም አንድ ፎቅ ሊጨምር አላሰበም ብዬ አዘንኩለት።

ፍልሰታ ሲፈታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ አባን ለብቻቸው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳለምኩና «አባ፣ ዛሬ ንስሐ ልገባ አልመጣሁም። የሆነውን ልነግርዎ ነው» አልኩ። ማተቡንም፣ ሰንሰለቱንም፣ የቫሶን ውሸትም ነገርኳቸው።

«አይጸጽትሽም?»

«አይጸጽተኝም። ቢደገም እደግመዋለሁ። ቀኖና ቢሰጡኝ እቀበላለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ ግን አልልም።»

ሰው ወደ ደጅ እየወጣ ነው፣ ሕፃናት በጀርመንኛ እየተጯጯኹ ይሯሯጣሉ። አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጁ ስሙ ማን ተባለ?» አሉኝ።

«ሚካኤል» አልኳቸው። «የክርስትና ልጄ።»

አባ አላረሙኝም።